ፓሊዮ ሁዳዴ ሲገባበት፦ የአንድ መምህር የስኳር ክትትል

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማትርቅ አንዲት የደጋ ከተማ፣ በስኳርና በደም ግፊት ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ስኳር ወርዶባቸው ተደግፈው የሚመጡ ሰዎች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ታሪኩም አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ ኪኒኑ ተውጧል፣ እህል አልተቀመሰም። ይኸኛው ግን ለየት ይላል፤ ፓሊዮ የሚባል እህል የሚከለክል አመጋገብ ከጾም ጋር ተደራርቦ ያመጣው ነው። ባለጉዳዩ ቸልተኛ አልነበሩም። እንዲያውም ከምንከታተላቸው ሰዎች ሁሉ ስለሚበሉት ነገር አብዝተው ያነበቡት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ጥፋቱም የእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ የእኛ ድርሻ አለበት፣ ቦታው ሲደርስ እናገረዋለሁ።

እሳቸውም ባለቤታቸውም እንድጽፈው ፈቅደዋል። የሰውንም የከተማዋንም ስም አላነሳሁም።

ሰውየውና የቀድሞ ገበታቸው

የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸው 47። ስኳር ከተገኘባቸው አራት ዓመት ሆኗል። በቀን ሁለት ጊዜ ሜትፎርሚን፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንድ ባለ 5 ሚሊግራም ግሊቤንክላሚድ ይውጡ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ካርዳቸው ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ ክብደት 89 ኪሎ፣ ቁመት 1.71 ሜትር፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 178 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ የደም ግፊት 146/92።

ጠዋት ዳቦ በሻይ። በመምህራን ክበብ እስከ ማታ አራት ብርጭቆ ሻይ፣ በያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ምሳና እራት ሁለት ሁለት እንጀራ በሽሮ ወይም በድንች ወጥ፣ የሚረጋው ዘይት ጠብሰቅ ብሎበት። ማኅበርና ልቅሶ ቤት ለስላሳ ወይም ጠላ። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ እሳቸው ግን በባጃጅ ይሄዳሉ። ባለቤታቸው በኋላ እንዳሉኝ “ስኳር አለብኝ ብሎ የሚያስበው ኪኒኑን ሲውጥ ብቻ ነበር፣ ሲስተር።”

ፓሊዮ የሚባለው አመጋገብ

ዘመድ በቴሌግራም በላከላቸው ቪዲዮ ነው የተዋወቁት። ስሙ ከጥንተ ድንጋይ ዘመን መጠሪያ የመጣ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው እርሻ ከጀመረ 10,000 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሰውነታችን ግን የተቀረጸው ከዚያ በፊት በነበረው እጅግ ረጅም የአደንና የለቀማ ዘመን ነው፤ ስለዚህ የዚያን ዘመን ምግብ እንብላ ይላል። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና የቅባት ፍሬዎች ይፈቀዳሉ። የብርዕና የአገዳ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ስኳርና የፋብሪካ ምግብ ይከለከላሉ። ጨውም አይወደድም። ኦቾሎኒ እንኳ ከጥራጥሬ ወገን ነው ተብሎ ይቀራል። ሐሳቡን በሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የጻፉት ቦይድ ኢተንና ሜልቪን ኮነር ናቸው።

መምህሩ ታሪክ አስተማሪ ስለሆኑ ነገሩ ደማቸውን አሙቆታል። “2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘው ጎና ነው፣ እዚሁ አፋር። ታዲያ ይኼ የፈረንጅ ምግብ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?” ብለውኛል። መልስ አላጣሁም። በሰሜን ምሥራቅ ዮርዳኖስ የዛሬ 14,400 ዓመት የተጋገረ ቂጣ ፍርፋሪ ከምድጃ አመድ ውስጥ ተገኝቷል፤ እርሻ ከመጀመሩ 4,000 ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። አዳኙም የዱር እህል ለቅሞ ይጋግር ነበር። ሆኖም አመጋገቡን ከንቱ ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2009 በስዊድን 13 የስኳር ሕመምተኞች ሦስት ወር ፓሊዮ፣ ሦስት ወር የተለመደውን የስኳር ሕመምተኛ ምግብ እያፈራረቁ እንዲበሉ ተደርጎ፣ በፓሊዮው ክብደታቸውም ስኳራቸውም የተሻለ ቀንሷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ አጭርም ነው። ከ13ቱ መካከል ሁዳዴን የጾመ እንደማይኖርም እገምታለሁ።

ሰባት ሳምንት

ከቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ ሰኞ ጥር 13 ቀን ጀመሩ። ጠዋት ሦስት እንቁላል በጎመን፣ ቀን ቅቅል ወይም ጥብስ ከካሮትና ከቀይ ስር ጋር፣ ማታም እንደዚያው። ከሸዋ ሮቢት በጣርማበር ወጥቶ የሚመጣው ፓፓያ መክሰሳቸው ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኛ ጋር ቁርጥ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ወተት፣ ስኳር ሁሉም በአንድ ቀን ቀረ።

ውጤቱ ያማልላል። በሰባት ሳምንት 5.5 ኪሎ ቀነሱ። ፋርማሲ እየሄዱ ሲለኩ ስኳራቸው መጀመሪያ 112፣ ቀጥሎ 104 ሆነ። ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በሱ፤ በኋላ አሳይተውኛል። ደስ አላቸውና የየካቲት ቀጠሯቸውን ዘለሉት። “ስኳሬ ወርዷል፣ ምን ልሁን ብዬ ልምጣ?” ነው ያሉት። የቀረ ሕመምተኛ በስልክ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነበር፤ አልደወልንም።

ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ባለቤታቸው ሁለት ድስት ይጥዳሉ፣ አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ለልጆቹ። የደመወዛቸው ግማሽ ወደ ሥጋ ቤት መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ትልቋ ልጅ ስልክ ላይ አይታ ከእንቁላልና ከተቀቀለ ዱባ “እንጀራ” ልትጋግርላቸው ሞክራ ነበር። ሊጡ ምጣዱ ላይ ዓይን አላወጣም፤ ሰፌዱን ሰደድ ሲያደርጉበት ከጫፉ ተሰብስቦ መሐሉ ምጣዱን ይዞ ቀረ። እናትየው ያንን ሲነግሩኝ በቁጭት ነው፤ ያቺ ምጣድ እንደገና ሟሽታ እስክትለሰልስ ሁለት ጋገራ ፈጅቶባቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የከበዳቸው ግን ትሪ መለየቱ ነው። መምህሩ ጥግ ላይ በሰሐን በሹካ ይበላሉ፣ የቀረው ቤተሰብ በመሶብ። የወር ማኅበራቸውንም ተዉት፤ ዳቦና ጠላ እየቀረበላቸው “አልነካም” ማለት ስለሰለቻቸው። ለጤና ተብሎ የተጀመረ ነገር ሰውየውን ከሰው ለይቶ አስቀመጣቸው። እንቅልፍ እንቢ እንዳላቸው ያወቅነውም ዘግይተን ነው።

የመጀመሪያው ምልክት የመጣው በየካቲት በነነዌ ጾም ነበር። በሁለተኛው ቀን እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃቸው። ባለቤታቸው እፍኝ ቆሎ ሲሰጧቸው “እህል ነው” ብለው መለሱ። ቪዲዮው ሰውነት እስኪለምድ ድረስ መድከምና መንቀጥቀጥ ያለ ነው ብሎ ነበርና፣ በዚያው ተረጎሙት።

የአቦ ዕለት

ሁዳዴ መጋቢት 2 ገባ። አሁን ሥጋውም እንቁላሉም ሄደ። እህልና ጥራጥሬ ደግሞ በፓሊዮ ተከልክሏል። ሁለቱ ክልከላዎች ሲደራረቡ ሰሐኑ ላይ የቀረው ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ስርና ፓፓያ ነው። ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው። ጠዋት ግን ግሊቤንክላሚዱ አልቀረም።

ሐሙስ መጋቢት 5፣ ሰባት ሰዓት ገደማ ክፍል ውስጥ ነበሩ። የግራኝን ዘመን እያስተማሩ “ሽምብራ ኩሬ፣ 1521” ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ከሥሩ ደግመው ያንኑ ጻፉ። ሦስተኛ ጊዜም እላዩ ላይ። ተማሪዎቹ የተቆጡ መስሏቸው ጸጥ አሉ። አንዲት ልጅ እናቷ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነች ላቡን አይታ ነቃች፤ ሮጣ ከበር ካለው ሱቅ ለስላሳ አመጣች። መዋጥ ይችሉ ስለነበር ጠጡት። እኛ ዘንድ ሲደርሱ፣ ለስላሳውን ከጠጡ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንኳ ስኳራቸው 54 ነበር። ከ70 በታች ወርዷል ይባላል፤ 54 ደግሞ አእምሮ የሚደነጋገርበት ነው። በደም ሥር ግሉኮስ ተሰጣቸው። ነቁ ብለን ግን አልሰደድናቸውም፣ አሳደርናቸው። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን የሚያስመነጭ መድኃኒት ነው፤ ሰውየው በላም አልበላም ሥራውን ይሠራል፣ ረጅም ሰዓትም ይቆያል። ማታ አራት ሰዓት ላይ እንደገና 63 ወረዱ።

ሌሊቱን ካርዳቸውን ሳገላብጥ አራት ዓመት ሙሉ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። ስኳር፣ ግፊት፣ ኪሎ፣ “መድኃኒት ይቀጥል”። ምን ይበላሉ ብሎ የጠየቀ አንድም እጅ የለም። የእኔም የእጅ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ አለ።

ያደረግነው

ሐኪሙ ግሊቤንክላሚዱን አቋርጦ ሜትፎርሚኑ ብቻ እንዲቀጥል አደረገ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን እንዲህ የሚያወርድበት ጊዜ እምብዛም ነው።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። መምህሩ ወደ እህል አልመለስም አሉ። “ጥራጥሬ ውስጥ መርዝ አለ፤ ጓያ ሰው ሲሰብር ያየሁት በዓይኔ ነው።” እውነታቸውን ነው፤ በዚህ አገር ጓያ የሰበረውን ሰው ያላየ የለም። ነገር ግን ያ መርዝ ቤታ ኦዳፕ የሚባል የጓያ ጣጣ ነው። እሱም በክፉ ዘመን ሌላው እህል ጠፍቶ ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ የሚመጣ ነው። የምስርና የሽምብራ ነገር ሌላ ነው፤ ቪዲዮው የሚያስፈራራባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ተዘፍዝፎ በደንብ ሲቀቀል ይጠፋሉ ወይም ይቀንሳሉ። የእንጀራ ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን መቡካቱም እንዲሁ ይሠራል።

ክርክሩን የቋጩት ባለቤታቸው ናቸው። የሁዳዴውን ወጥ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ተልባ ብለው “ከዚህ ውስጥ ጥፋተኛው የትኛው ነው? አንድ በአንድ ለይታችሁ ንገሩኝ፣ እሱን አላበስልም” አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። መለኪያ ገዝተው ነበርና፣ አንድ ምግብ በልተው ከሁለት ሰዓት በኋላ እንዲለኩ ተስማማን። መለኪያ ወረቀቱ ውድ ስለሆነ በሁለት ሳምንት የለካነው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ግማሽ እንጀራ በወፍራም ምስርና በብዙ ጎመን፦ 148። ሁለት እንጀራ በሽሮ፦ 204። እፍኝ የገብስ ቆሎ፦ 139። ያው ገብስ ተፈጭቶ በሶ ሆኖ በማር ሲበጠበጥ፦ 211። ዳቦ ከሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ ጋር፦ 218።

ይህ የአንድ ሰው ሆድ ነው፤ የቆሎው መጠንም ከበሶው ያነሰ ሊሆን ይችላል፣ ማሩም አለበት። ቢሆንም መምህሩ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ያልፈጨኸው ገብስ በጥርስ ቀስ ብሎ ይደቃል፣ ወደ ደም የሚገባውም ቀስ ብሎ ነው፤ ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር ስላለውም ስኳር እንዲዘገይ ይረዳል። የተፈጨና የጣፈጠው ፈጥኖ ይገባል። ጉዳዩ እህል የመሆን ያለመሆን አልነበረም።

ሦስተኛው ሥራ የጾሙ ሰዓት ነበር። በዚያ እኛ አንገባም፤ ንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ነው የነገርናቸው። አባም፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰዓት እንዲያጠብቅ አይገደድም ብለው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ እንዲቆዩ ፈቀዱላቸው፤ ሥጋውና እንቁላሉ ግን በጾሙ እንደቀረ። ባጃጁ ደግሞ ቀረና መንገዱ በእግር ሆነ። በውርጭ ጠዋት ጋቢ ደርበው ሲሄዱ አያቸዋለሁ።

የሠራው

በፓሊዮው ጊዜ ተትተው እንደገና ያልተመለሱት ነገሮች ናቸው ትልቁን ሥራ የሠሩት ብዬ አስባለሁ፦ የሻይ ስኳር፣ ለስላሳ፣ የዱቄት ዳቦ፣ የሚረጋው ዘይት። የሻዩ ብቻ በቀን አሥራ ሁለት ማንኪያ ነበር። አትክልቱም ቆየ፤ ጎመን ከወጥ ጎን የምትጣል ጉርሻ መሆኗ ቀርቶ ግማሹን ትሪ ያዘች።

ያልጠበቅሁት ድልድይ ሱፍና ተልባ ሆኑ። ሁለቱም የቅባት ፍሬ ስለሆኑ ፓሊዮው አይከለክላቸውም፣ ለጾምም ይሆናሉ፣ ገበያችንም ሞልቷቸዋል። የተቆላ ተልባ ጎመን ላይ ነስንሰው፣ ሱፉን በሰላጣ ለውሰው ይበሉ ጀመር። መምህሩ ሽንፈት ሳይሰማቸው ወደ መሶቡ የተመለሱት በዚህ በር ነው። ምስሩ ተከተለ፣ ግማሽ እንጀራው ከምስሩ ጋር መጣ።

በሐምሌ 2016 ክብደታቸው 82 ኪሎ፣ በባዶ ሆድ ስኳራቸው 118፣ ግፊታቸው 132/84 ነበር፤ ያለ ግሊቤንክላሚድ። ከዚህ ውስጥ የትኛው የእግር መንገዱ፣ የትኛው የጎመኑ፣ የትኛው የሻዩ እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ነው የለወጥነው።

ያልሠራው

ከአዲስ አበባ ያስመጡት የአልሞንድ ዱቄትና የኮኮናት ዘይት ለሦስት ሳምንት አልበቃም፤ በዚያ ዋጋ የሚቀጥል ነገር አልነበረም።

ቁርጡ ደግሞ ዘግይቶ ዋጋውን ጠየቀ። በሚያዝያ መጨረሻ ሰገራቸው ላይ ነጫጭ ቁራጮች አይተው መጡ፤ ኮሶ ነው። በየሳምንቱ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ይህ የሚጠበቅ ነው። በፕራዚኳንቴል ታከሙ። የፓሊዮ መመሪያዎች የሚጻፉት ሥጋ በእሳት በሚያበስሉ አገሮች ስለሆነ ስለ ኮሶ አያነሱም።

በጨውም ተሳስተን ነበር። መጀመሪያ “ጨው መቅረቱ ለግፊት ጥሩ ነው” ብለን አለፍነው። ከዚያ ባለቤታቸው ሁለት ድስት ሲሰለቻቸው የልጆቹንም አልጫ ያለ ጨው ማብሰል እንደጀመሩ ሰማን። እንቅርት ባለበት ደጋ አዮዲን ያለበት ጨው ከልጆች ድስት መውጣት የለበትም። ቀንሰው፣ ወጡ ሊወርድ ሲል እንዲጨምሩ ነገርናቸው፤ አዮዲኑ በእሳት ስለሚባክን።

የደም ቅባታቸው በሥጋው ወራት ጨምሮ እንደሆነ መናገር አልችልም። ቀድሞ አልተለካም ነበር፣ ማወዳደሪያ የለንም።

ለሌላው የሚሆን

ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እህል ከመቀነሱ በፊት መድኃኒቱ መታየት አለበት። ከሁሉ በፊት የምናገረው ይህን ነው። አሁን በክፍላችን ጥር መጨረሻ ላይ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይና ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ማለትም ከሁዳዴ፣ ከፍልሰታና ከነቢያት ጾም በፊት፣ ለያንዳንዱ ሰው ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን፦ እስከ ስንት ሰዓት ይጾማሉ? ምን ትተዋል? መልሱ ካርዱ ላይ ይጻፋል።

መንቀጥቀጥና ላብ ሲመጣ “ሰውነቴ እየለመደ ነው” ማለት አያስፈልግም፤ መለካት ነው። መለኪያ ከሌለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቆ ካልተሻለ መድገም፣ ከዚያ ምግብ መብላት። ጾምም ፓሊዮም በዚያች ሰዓት አይቆጠሩም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ይዞ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

ከሌላ አገር የመጣ የምግብ ዝርዝር የያዘ ሰው ሲገጥመኝ ዝርዝሩን አልነቅፍም፤ የቤቱን ድስት የሚጥደው ማን እንደሆነ እጠይቅና ያንን ሰው በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲመጣ አደርጋለሁ። በዚህ ጉዳይ ከማንኛችንም የተሻለ ጥያቄ የጠየቁት የመምህሩ ባለቤት ነበሩ። አሥር ነገር በአንድ ቀን የተወ ሰው የጎዳውን ከጠቀመው መለየት አይችልም፤ አንድ በአንድ መተው፣ አንድ በአንድ መለካት ይሻላል።

አሁን ያለበት

የ2017 ሁዳዴ የካቲት 17 ሊገባ ሳምንት ሲቀረው መምህሩ ሳይጠሩ መጡ። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ 6.8 በመቶ ነው። ወደ ማኅበራቸው ተመልሰዋል፣ ጠላውን ይቀምሳሉ እንጂ አይጨርሱም። እናታቸው ከመንዝ የሚልኩትን በሶ አሁንም አይነኩም፣ ልጆቹ ይበሉታል። ስለ ጎና አሁንም ይከራከሩኛል።

ባለቤታቸውን ድስቱ አንድ ሆነ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። “አንድ ነው፣ ሲስተር። መሶቡን ሳቀርብ ጎመኑን ወደ እሱ አዞረዋለሁ፣ እሱ ደግሞ አየሁህ እንዳልለው ቀስ አድርጎ ወደ ምስሩ ይመልሰዋል።”